ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

ስሙኝማ፣ ወገኖቼ። ዛሬ የምተርክላችሁ ሰው ፊት መናገር ስለምትፈራ ልጅ ነው። ስሟን አልጠራም፤ አንዲት ልጅ አይደለችምና። ከፎገራ ሜዳ ተነሥተው ኮሌጅ የሚገቡትን ብዙዎቹን በአንድ ሰው አምሳል አቁሜ ነው የማሳያችሁ። ስም ጠርቼ፣ ዓመት ቆጥሬ የምተርክላችሁ ሌላ ሴት ደግሞ አለች፤ ተራዋ ሲደርስ ትመጣለች። አስቀድመን ግን አገሩን እንየው፤ የልጅቷ ዝምታ የበቀለው እዚያ ነውና።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ወረታ ትደርሳላችሁ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ዓለም በርን፣ ደብረ ታቦርን፣ ጋይንትን እያለፈ ወልድያ ይወጣል። የወልድያውን መንገድ ቻይናዎች ስለሠሩት አገሬው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ወረታ መገናኛ ከተማ ናትና ዝም ብላ አታውቅም፤ የአውቶቡስ ረዳት ይጣራል፣ ባጃጅ ይርመሰመሳል፣ የሩዝ መፈልፈያው ያጓራል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ ይጫናል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ እስከ ጣና ዳር ድረስ ተዘርግቶ የምታዩት ሜዳ ፎገራ ነው።

ፎገራ ውኃ የሠራው አገር ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሡና አፈሩን ተሸክመው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ክረምት ሲጠና ደግሞ ከወሰናቸው ያልፋሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ቤተሰብ እንዳፈናቀለ ያየ ሰው አይረሳውም። ድሮ ይህ ሜዳ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ ስም ያላት ናት። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችምና ለግጦሽ ይተው ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ሩዝ አስሞከሩ፤ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ተዘራ፤ ያዘ። ዛሬም ገበሬው ኤክስ ጅግና እያለ የሚጠራው ነጩ የሩዝ ዘር ስሙን ያወጣው ከዚያው ከጅግና ነው። አሁን ሩዝ ከጤፍ ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ገለባው ለከብት ይተርፋል፣ ትርፉ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞባታል። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ወደ አረሙ ለመምጣት ነው። ሩዝ አረም ይበዛበታል። ሁለቴ ሦስቴ ካልታረመ አይሆንም፤ የሚያርሙትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ፀሐዩ ጀርባ ያነድዳል፣ ወገብ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ከሁሉም የሚከፋው አረም በለጋነቱ ቁርጥ ሩዝ መስሎ የሚበቅለው ነው። ቅጠሉን አይቶ የሚነቅል ሰው ሩዙን ይነቅላል። ልጃችን ሰባት ዓመት ከሆናት ጀምሮ ጣቷን ወደ ሥሩ ሰድዳ፣ ግንዱን ዳስሳ ትለየዋለች። ማን አስተማረሽ ብትሏት አትመልስላችሁም። ታፍራለች።

ማፈሯንም ቤቷ ነው ያስተማራት። እንግዳ ሲመጣ እግር ታጥባለች፣ እንጀራ ታቀርባለች፣ ከዚያ ኩራዝ ይዛ ትቆማለች። እንግዳው ደግ ሰው ነውና፣ "ስንተኛ ክፍል ደረሽ፣ ልጄ?" ይላታል። እናቷ ትመልስላታለች። "ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ይላታል። አባቷ ይመልስላታል። እሷ ነጠላዋን እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። እንግዳው ሲሄድ፣ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፤ አንገቷን ቀና አታደርግም" ብሎ አመስግኗት ይሄዳል። ወንድሟ በዚያው ሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ የበሬ ዋጋ ሲያወራ "ጎበዝ! አንደበቱ!" ይባላል። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ እንደሰማች እሷም አታውቀውም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ ዓይን አፋር ሆና ተፈጠረች ማለት ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። ዝምታን አጥብቃ ተማረች፤ በዝምታዋም ማዕረግ አገኘች። አስተማሪዎቿም "አትፍሪ፣ ተናገሪ" ይሏታል። እስከ ዛሬ አትፍሪ ስለተባለ ፍርሃቱ የለቀቀው ሰው አይቼ አላውቅም። ፍርሃት የሚለቀው ሌላ ነገር ሲያጋጥም ነው፤ ያንን ነው የምተርክላችሁ።

ሕጉ ከጎኗ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ከቆየው በደል የተነሣ ልዩ ድጋፍ እንደሚገባቸውም ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ይጠይቃል። አማራ ክልል ግን ያለዕድሜ ጋብቻ ከጸናባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። ስለዚህ ልጃችን 10ኛንና 12ኛን አልፋ ኮሌጅ በር መድረሷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከእሷ ጋር አንደኛ ክፍል የተቀመጡት አንዳንዶቹ ዛሬ ልጅ አዝለዋል።

ልቤን የሚያሳዝነውንም ሳልናገር አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብዙ ደብተር ታጥፏል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሴት ልጅ ሌላ በር ይከፈታል፤ የሽማግሌ በር። ይህን ትረካ ሊሰሙ የሚገባቸው ስንቶቹ ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ እንዳልሆኑ ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ልጃችን ግን ገብታለች እንበል። ወረታ የግብርና ኮሌጅ አላት። በ1990ዎቹ መንግሥት በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኛ፣ አንድ ለሰብል፣ አንድ ለእንስሳት፣ አንድ ለተፈጥሮ ሀብት ይኑር ብሎ በመላ አገሪቱ የግብርና ኮሌጆችን ሲያስፋፋ ብዙ የገጠር ልጅ በዚያ በር አልፏል። የልማት ሠራተኛ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ግማሹ ማሳ ነው፣ ግማሹ ንግግር። ዘሩን ብታውቀው፣ ማዳበሪያውን ብትመጥነው፣ ሃምሳ ገበሬ ፊት ቆመህ ካላስረዳህ ዕውቀትህ ኪስህ ውስጥ ይቀራል። ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ልጅ እንግዲህ እዚህ ሙያ ላይ ወደቀች። ደግሞ የማወራው ስለ አንድ ግቢ ብቻ አይደለም፤ ወረታም ይሁን ባሕር ዳር፣ ደብረ ታቦርም ይሁን ጎንደር፣ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ አልቆይም። ዶርም፣ ካፌ፣ ሰልፍ፣ ናፍቆት፣ የማይገባ እንግሊዝኛ። ይህን ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ልቆይበት የምፈልገው የቡድን ሥራው ላይ ነው። መምህሩ አምስት አምስት ሆናችሁ ሥሩ ይላል። አምስቱ ይሰበሰባሉ። ማንም ሳይመክርበት አንዱ ወንድ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ከዚያ ዞር ብሎ፣ "አንቺ ጸሐፊ ሁኚ፤ ጽሑፍሽ ያምራል" ይላታል። በዕድር፣ በዕቁብ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በቀበሌ ያው ነው። ወንበሩ ለወንድ፣ መዝገቡ ለሴት። ብዙ ሰው ይህን ንቀት ነው ይላል። ንቀትነቱን አልክድም። እኔ ግን ሌላም ነገር አየሁበት።

ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? መዝገቡ ተሰምሮ ይቀመጣል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። የተገኙ፤ ያልተገኙ፤ በፈቃድ የቀሩ። አጀንዳ። የተሰጡ አስተያየቶች። ከዚያ ወፈር ተደርጎ ይጻፍና ሁለት ነጥብ ይደረግበታል፤ ውሳኔ። ይህን መዝገብ የምትይዝ ልጅ ሌሎቹ የማያዩትን ታያለች። ግማሽ ሰዓት የተናገረው ልጅ ንግግሩ አንድ መስመር እንደማይሞላ ታያለች። ከጥግ ሆኖ ሁለት ቃል ጣል ያደረገው መላውን ነገር እንደፈታው ታያለች። ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ስለ አንድ ነገር እንደተጨቃጨቁና ውሳኔ ከሚለው ሥር ምንም እንደሌለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን ታዲያ፣ ክርክሩ ሲንዛዛ፣ እስክሪብቶዋ ባዶው መስመር ላይ እንደቆመ፣ ሳታስበው አፏ ይከፈታል።

"ውሳኔው ምን ይባል? ምን ብዬ ልጻፍ?"

ሁሉም ዝም ይላሉ። ይተያያሉ። ከዚያ ይወስናሉ።

እዚህ ላይ ልጅቷን መዝገቧን እንደያዘች ላቆያትና ስም ጠርቼ እተርክላችኋለሁ ያልኳችሁን ሴት ላምጣ። የትነበርሽ ንጉሤ ትባላለች። በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለደች። አምስት ዓመቷ ላይ በሕመም ምክንያት የዓይኗ ብርሃን ጠፋ። በዚያ አገር ዓይኗ የጠፋ ሴት ልጅ ቤት የምትቀር፣ ለማንም የማትሆን ተደርጋ ነበር የምትታየው። የትነበርሽ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው ግን ያ ጉዳት ለእሷ ዕድል ሆነላት፤ እኩዮቿ በልጅነታቸው ሲዳሩ እሷን ለትዳር የሚፈልጋት ስላልነበረ ለትምህርት ተረፈች። ቤተሰቧ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላካት። ከሳይንት ተራሮች ሻሸመኔ! አንድ ትንሽ ልጅን ያንን ያህል አርቆ መስጠት ለእናት ምን እንደሆነ ወልዳችሁ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ በጣቷ ማንበብ ተማረች።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ በአንድ ክፍል ይማራል። ክበብ ውስጥ መሥራት የጀመረችው በዚያው በትምህርት ቤት ነው። ቀጥሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕግ። ሕግ ማለት ንባብ ማለት ነው፤ አዋጁ፣ ሐተታው፣ የፍርድ ቤት መዝገቡ። የዚያን ጊዜ ዓይነ ስውር ተማሪ በብሬል የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ ከየት ያገኛል? ጓደኛ ካላነበበለት፣ በካሴት ካልተቀዳለት ፈተናው ይደርስበታል። በዚህ ሁሉ መሀል ነው የትነበርሽ ሌላ ሸክም የጨመረችው። እ.ኤ.አ. በ2004 የዩኒቨርሲቲው የፀረ ኤድስ ንቅናቄ ሰብሳቢ ሆነች።

ይህን በቸልታ አትለፉት። በዚያን ጊዜ ኤድስ በኢትዮጵያ ምን እንደነበረ አስታውሱ። የፀረ ኤድስ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ምርመራ ማለት ለብዙ ሰው የሞት ወረቀት መቀበል ነበር። ስለ ኮንዶም፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ አስገድዶ መድፈር ወንድም እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። አንዲት ከገጠር የመጣች ዓይነ ስውር ልጅ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ያለበት ግቢ ውስጥ ይህን ጉዳይ በግልጽ የሚናገረውን ንቅናቄ መራች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የዩኒቨርሲቲው የሴት ተማሪዎች ማኅበር ሲመሠረት ደግሞ መሪ ሆነች።

የሴት ተማሪዎች ማኅበር ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትለው የማትችለውን ያስብላል። መምህር ያስቸገራት ልጅ ብቻዋን ቢሮ ከመሄድ ዝም ማለትን ትመርጣለች። በመጀመሪያው ዓመት በውጤት ምክንያት ከሚባረሩት ውስጥ ሴቶች መብዛታቸውን እያንዳንዷ የራሷ ድክመት አድርጋ ትወስደዋለች። ማኅበር ሲኖር ግን ለካ ብቻዬን አይደለሁም ትላለች። ድምፅ የሚወፍረው ያኔ ነው።

የትነበርሽ በልጅነቷ ዓይን አፋር ነበረች ልላችሁ አልፈልግም፤ እሱን የምታውቀው እሷ ናት። እኔን የሚገርመኝ መንገዷ ነው። መጀመሪያ ክበብ፣ ቀጥሎ ንቅናቄ፣ ቀጥሎ ማኅበር። ገና ተማሪ ሳለችም፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ ኋላም መራችው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች፤ በዚያ ዓመት አብረዋት ከተሸለሙት መካከል የአዘርባጃኗ ጋዜጠኛ ኻዲጃ ኢስማይሎቫና የሕንዱ የሕግ ባለሙያ ኮሊን ጎንሳልቬዝ ይገኙበታል። በየመድረኩ የምትለው ነገር አለ፤ አንድ ጉዳት አለብኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ ችሎታ አለኝ፤ እሱን እዩ ትላለች። ይህን ዓለም አጨብጭቦ የሚሰማውን ቃል ለመናገር የበቃችው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ሠርታለች።

ከፎገራ ራቅን ብላችሁ አትቸገሩ፤ አሁን ተመልሰናል። ከጉማራ ወዲያ፣ ጣና ዳር፣ ቋራጣ የሚባል ቦታ አለ፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ደብር ያለበት። እሷ በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት ሲለውጡ እምቢ ብላ፣ የንጉሡ የጦር አዛዥ የነበረውን ባሏን ጥላ ወጥታ፣ ተግዛ፣ ተሰድዳ፣ ወንዱንም ሴቱንም የያዘ ማኅበር ያስተዳደረች እመምኔት ናት። ገድሏ የተጻፈው ባረፈች በ30 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ሴት መሪ ለዚህ ሐይቅ ዳር አዲስ እንግዳ አይደለችም።

ከወረታ ደግሞ በቻይና መንገድ ወደ ዓለም በር ስትወጡ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ፣ እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ የምትባል መንደር አለች። መሥራችዋ ዙምራ ኑሩ በልጅነታቸው እናታቸው ቀን ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው፣ ማታ አባታቸው አረፍ ሲሉ የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻቸውን ሲሠሩ አይተው ይህ ለምን ሆነ ብለው ጠየቁ። እብድ ተባሉ። በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሏቸው ጥቂት ሰዎች ጋር መንደሯን መሠረቱ። በደርግ ዘመን ተሳድደው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ተመለሱ። እዚያ ሴት ትጠምዳለች፣ ታርሳለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። እኔን ግን ከእርሻውም ከሽመናውም የበለጠ የሚያስደንቀኝ ስብሰባው ነው። ቤተሰብ በየጊዜው ይሰበሰባል፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይናገራሉ፤ አባት ያጠፋውን ልጅ ይነግረዋል። እንግዳ ቢመጣ ልጅቷ ራሷ ተነሥታ መንደሩን ታስጎበኘዋለች፤ ስንተኛ ክፍል ነሽ ሲላት እሷው ትመልሳለች። ይኸው ሜዳ፣ ይኸው አየር፣ ይኸው ቋንቋ፤ ልጆቹ ግን ሌላ ናቸው። ዓይን አፋርነት ደም ውስጥ ነው የሚለኝን ሰው እዚያ ሄዶ እንዲያይ እጋብዘዋለሁ።

አሁን ወደ ልጃችን።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ናት። የሴት ተማሪዎች ክበብ ውስጥ ገብታለች፤ እዚያም ያው ጸሐፊ ናት። አንድ ቅዳሜ ሰብሳቢዋ ታማ ቀረች። ስብሰባ ሲጀመር ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ ልማዱ ነው። ተነሣች። ወረቀቱ እጇ ላይ ይርገበገባል። ማንበብ ጀመረች። ከኋላ "ድምፅ! ድምፅ!" ብለው ጮኹባት። ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች። የምታነበው የራሷን ሐሳብ አይደለም፤ ሌሎች የተናገሩትን፣ ሌሎች የወሰኑትን ነው። ይህ አዳናት። የራሷን ነገር ተናገሪ ብትባል አፏ ይተሳሰር ነበር፤ የሰው አደራ ግን ይነበባል። አንብባ ጨረሰች። "የሚስተካከል ነገር አለ?" ብላ ጠየቀች። አንዷ እጇን አወጣች፤ ልጃችን ዕድሉን ሰጠቻት። ሌላዋ ቀጠለች። ሰብሳቢ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ስብሰባውን መራችው፤ መምራቷን ያወቀችው ማታ ዶርም ገብታ ነው።

በምርጫ ጊዜ ስሟ ሲጠራ፣ "እኔ አልችልም" አለች። ከጓደኞቿ አንዷ ተነሥታ፣ "ያለፈውን ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት፤ መዝገቡ እሷ ጋ ነው" አለች። ተመረጠች። የሠራችው ታላቅ ነገር አይመስላችሁ። ሦስተኛ ዓመቶቹ ሴቶች አዲስ የገቡትን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያስጠኑ አደረገች። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም የሚመለሱ ሴቶች በአንድ ሰዓት ተጠራርተው በቡድን እንዲመለሱ አደረገች። ስም ዝርዝር ያዘች፤ ያልመጣችውን ለምን ቀረሽ ብላ ጠየቀች። መሪነት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፤ ማን እንደቀረ ማወቅ።

ከዚያ የተግባር ልምምድ መጣ። ሰኔ ነው፤ ዘር እየደረሰ ነው። ከጓደኞቿ ጋር የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳ ላይ ሩዝ በመስመር እንዴት እንደሚዘራ ታሳያለች። ገመድ ተወጥሯል፤ በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ተለክቷል። የመጡት ገበሬዎች ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አብዛኞቹ ዘር የሚዘሩት በብተና ነው። አንድ ሽማግሌ፣ "አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ገመድ ማን ይጎትታል? ለሠርቶ ማሳያ ያምራል፤ ለአንድ ጥማድ ግን ጉልበቱ ከየት ይመጣል?" አሏት። ሳቁ። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የመስመር ዘር ጉልበት ይበላል፣ ብዙዎች የተዉት ለዚህ ነው።

የቀድሞዋ ልጅ ብትሆን መሬት መሬት ታይ ነበር። ጎንበስ አለች። ከጎን ካለው የአምና ማሳ ላይ የበቀለ አንድ ቡቃያ ነቅላ አነሣች። "አባቴ፣ ይህ ሩዝ ነው አረም?" አለቻቸው።

ተቀበሏት። አገላብጠው አዩት። ለሌላው ሰጡት። ተከራከሩ። አንዱ ሩዝ ነው አለ፣ አንዱ አረም ነው አለ።

"አረም ነው" አለች። "ሥሩን ይዳስሱት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳርም ነው ያደግሁት፣ በጣቴ አውቀዋለሁ። በብተና ሲሆን ይህንን ከሩዝ ለመለየት እያንዳንዱን መዳሰስ አለብን። በመስመር ሲሆን ከመስመሩ የወጣው ሁሉ አረም ነው፤ ሕፃንም አይስተውም። እውነትዎን ነው፣ በዘር ጊዜ ጉልበት ይጨምራል። በአረም ጊዜ ግን ይቀንሳል። የአረሙ ጉልበት ደግሞ የማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።"

የሳቀ አልነበረም። ሽማግሌው ቡቃያውን ጣል አደረጉና፣ "ታዲያ ይህን ለሚያርሙት ንገሪያቸው እንጂ ለእኛ ምን ትነግሪናለሽ?" አሏት። በቁጣ ይሁን በቅንነት አላወቀችም። እሷ ግን ቃሉን ያዘች። "እሺ፤ መቼ ይመቻቸዋል?" አለች።

ስብሰባ የሚጠራው ጠዋት ነበር፤ ሴቶች ላም የሚያልቡበት፣ ውኃ የሚቀዱበት፣ ምሳ የሚያደርሱበት ሰዓት። ሴቶች አይመጡም ይባላል እንጂ ሰዓቱ አይመቻቸውም የሚል አልነበረም። ለሚካኤል፣ ሥራ በማይሠራበት ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ እንዲሆን ተስማሙ።

መጡ። ልጅ ያዘሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ መጀመሪያ ከኋላ ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች። ስለ መስመሩ ነገረቻቸው፤ ብዙም አልቆየችበት፣ ነገሩ ገና ሳትጨርስ ነው የገባቸው። ከዚያ፣ "እናንተስ የምትሉት አለ?" ብላ ዝም አለች። ዝም ማለትን ታውቅበታለች፤ ዝምታው ቢረዝምም አልቸኮለችም። በመጨረሻ አንዲት እናት ተነሡ።

"እኔ ስለ ገመዱ አይደለም የምጠይቀው" አሉ። "መሬቱ በይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችን ነው፤ ፎቶዬም አለበት። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የዘር ብድር ሲመጣ ግን የሚጠራው የባለቤቴ ስም ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ዘሩ ያልፈኛል። ስሜ ለምን የለም?"

አንዱ ወንድ ሊመልስ ተነሣ። ልጅቷ፣ "ወንድሜ፣ ተራ እሰጥሃለሁ" አለችውና ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ይህ የደረሰባችሁ ሌሎችም አላችሁ?" እጆች ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በርከት ብለው። መዝገቧን ገለጠች። አጀንዳውን ጻፈችው፤ ስማቸውን አንድ በአንድ መዘገበች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አቁማ፣ "ውሳኔው ምን ይባል?" አለች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ መታየት አለበት አሉ። "እንዲያ ከሆነ የሚያቀርቡት ሰዎች ይመረጡ" አለች። "እኔ ተማሪ ነኝ፤ ሐምሌ ሲገባ እሄዳለሁ። ከእናንተ ሦስት ሰው ምረጡ።" ተንሾካሾኩ፣ ተገፋፉ፣ አንዷ ሌላዋን ጠቆመች፣ የተጠቆመችው ጠቋሚዋን ጠቆመች። ጥያቄውን ያነሡት እናት መጀመሪያ ተመረጡ፤ ሁለቱ ተከተሉ። ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ተነበበላቸው፤ መጻፍ የምትችል ፈረመች፣ የማትችል በጣቷ አተመች። አንድ ቅጂ ለተመራጮቹ ተሰጠ፤ ጉባኤው የሚውልበትን ቀን ጠይቀው፣ ለዚያ ተቀጣጥረው ተነሡ።